መኪናችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? የሚታመን መካኒክ አመራረጥ

ከዋናው ነገር ልነሳ። የሚታመን መካኒክ ማለት ዋጋው የሚረክስ፣ አንደበቱ የሚጥም ወይም ጋራዡ ሰፊ የሆነ ሰው ማለት አይደለም። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የሚመረምር፣ ያገኘውንም እናንተው በዓይናችሁ እንድታዩት የሚያደርግ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለምን ይሄን አስቀደምኩ? በዚህ ሥራ ላይ ችግሩ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁም፣ መፍትሔውን የሚሸጥላችሁም ያው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። መኪናው ድኖ ከወጣ በኋላ እንኳ የተቀየረው ዕቃ በእርግጥ ሞቶ እንደነበር፣ ወይስ አንዲት የላላች ሽቦ ጠብቃ ነገሩ እንዳለቀ ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ "ይሄ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው?" ብሎ ፊቱን ከማጥናት "የሚለኝን ነገር ማጣራት እችላለሁ ወይ?" ብሎ መነሳት ይሻላል።

መኪናው ደህና እያለ ፈልጉ

መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዳር ከቆመ በኋላ የሚፈለግ መካኒክ ምርጫ አይባልም። ያገኛችሁት ሰው ጋ ነው የምትሄዱት፣ ያላችሁን ነው የምትከፍሉት። ፍለጋውን መኪናው በሰላም በሚሄድበት ጊዜ አድርጉት።

መጀመሪያ የምትጠይቁት የእናንተን ዓይነት መኪና የሚነዳ ሰው ይሁን። በመኪናቸው የሚተዳደሩ ሰዎች፣ ማለትም ታክሲ ወይም ዕቃ የሚያመላልሱ ሾፌሮች፣ ጥሩ ምንጭ ናቸው፤ መኪናቸው የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ስለሆነ ደካማ መካኒክን ቶሎ ይለዩታል። ግን አጠያየቃችሁ ላይ ተጠንቀቁ። "ጎበዝ ነው?" ብትሉ "አዎ፣ አሪፍ ነው" ከማለት ያለፈ ምንም አታገኙም። "ሠርቶልህ እንደገና የተበላሸ ነገር ነበር? መልሰህ ስትወስድለት ምን አለህ?" በሉ። የመካኒክ ጠባይ የሚታወቀው ሥራው ተበላሽቶ ሲመለስበት ነው። መለዋወጫ ሻጮችም ብዙ ያውቃሉ፣ ነገር ግን ደንበኛ በላኩ ቁጥር ኮሚሽን የሚያገኙም ስላሉ የእነሱን ምክር ከሌላ ሰው ምስክርነት ጋር አስተያዩት።

ከዚያ በትንሽ ሥራ ፈትኑት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ለዚህ ይመቻል። ከመስጠታችሁ በፊት ፊልትሮውን ፎቶ አንሱት፣ የዘይቱን መጠንና ቀለም እዩ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ስትረከቡ ፊልትሮው በእርግጥ አዲስ ነው? መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ዘይቱ በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል ነው? ከሥር የሚንጠባጠብ አለ? የሞተሩ የታች መሸፈኛ ቡሎኖች ሁሉም ተመልሰው ገብተዋል? በእንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ላይ ሦስት ቡሎን አስቀርቶ የመለሰላችሁ ሰው ነገ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ሲያወርድ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ሌላው፣ ሁሉን እሠራለሁ የሚል ሰው ያሳስበኛል። ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ካምቢዮ (ማርሽ)፣ የእግር ሥራ (ጎማውን የሚይዘው ክፍል)፣ ቦዲ፤ እነዚህ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በተለይ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ የባትሪው መስመር ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ ስለሚሸከም (እነዚያ ብርቱካናማ ገመዶች ማለት ነው) ሥልጠና ያልወሰደና መከላከያ ጓንት የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም፤ የሚጎዳው መኪናው ብቻ አይደለም፣ ሰውዬውም ሊሞት ይችላል። "ይሄን እኔ አልሠራውም፣ እገሌ ጋ ውሰደው" የሚል መካኒክ ስታገኙ ስልኩን ያዙ።

ጋራዡን ራሱን እዩት

ቆም ብላችሁ አካባቢውን ቃኙ። የእጅ መቆሸሽ ምንም አይደለም፣ የዚህ ሥራ ባሕርይ ነው። የሚያሳስበው የተፈታ ቡሎን መሬት ላይ ተበትኖ ማየት ነው። ጠንቃቃ ሰው የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ዳዶ ለየብቻ ያስቀምጣል። ሞተራቸው ተፈቶ አቧራ የጠጡ መኪኖች ከበዙም ጠይቁ፤ ዕቃ እየጠበቁ ሊሆን ይችላል፣ ሰውዬው ፈቶ መግጠም አቅቶትም ሊሆን ይችላል።

ክሪክ ብቻ ባነሳው መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ ሰው ካያችሁ እዚያ አትስጡ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አልተሠራም፣ ከሥሩ ማቆሚያ መግባት አለበት። ለራሱ ነፍስ ያልተጠነቀቀ ሰው ለእናንተ ፍሬን ይጠነቀቃል ብዬ አላምንም። ቡሎን በተወሰነ ኃይል የሚያጠብቀው መለኪያ ያለው መፍቻም፣ ቶርክ የሚባለው፣ መኖሩን ጠይቁ። የቴስታታ ቡሎኖች በፋብሪካው በተወሰነ ቅደም ተከተልና ኃይል ካልጠበቁ አዲሱ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በታችኛው የሞተር ክፍል መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ራሱ አይቆይም።

ምልክቱን ንገሩት፣ በሽታውን ለእሱ ተዉለት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ገንዘቡን የሚያጣው፣ ያውም ማንም ሳያታልለው። ሄዶ "ሞተሪኖውን ቀይርልኝ" ይላል፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ማለት ነው። መካኒኩ ይቀይርለታል። ችግሩ ግን የባትሪው ጫፍ ዝጎ ነበር። ማን ጥፋተኛ ነው? የታዘዘውን ነው የሠራው።

እንዲህ በሉ፦ "ጠዋት ጠዋት ስቀሰቅሰው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ችግር የለበትም።" ወይም "ከ80 በላይ ስሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬን ስይዝ አይጨምርም።" መቼ ጀመረ፣ በብርድ ነው በሙቀት፣ ስትታጠፉ ነው ቀጥ ስትሉ፣ ከፊት ነው ከኋላ። ድምፁ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ በስልክ ቅዱት። ቢቻል አብራችሁ ነድታችሁ አሰሙት።

ከዚያ ዝም በሉና እሱ ምን እንደሚጠይቅ ስሙ። ጥሩ መካኒክ ይጠይቃል። "በቅርቡ የተሠራ ነገር አለ? ውሃ ጨምረህ ነበር? መብራት በርቶ ያውቃል?" ይላል። ኮፋኖውን ሳይከፍት "ገባኝ፣ እሱ ነው፣ ይቀየራል" የሚል ሰው፣ ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ የመኪናውን የተለመደ በሽታ ያውቃልና። ያኔም ቢሆን "ከመቀየርህ በፊት እሱ መሆኑን በምን እናረጋግጥ?" በሉት። ይህችን አንድ ጥያቄ ልመዱ። መልስ ያለው ሰው አይቆጣም።

"ኮምፒውተሩ ነው ያለው" ሲሏችሁ

የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ መካኒኩ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ) ሰክቶ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የችግር ኮድ ያነባል። ኮዶቹን የሚያስነብበው የጋራ ደረጃ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው መኪና አለው። ችግሩ ብዙ ሰው ኮዱን እንደ ፍርድ መውሰዱ ነው። ኮድ የትኛው ሥርዓት ላይ ችግር እንደታየ ይናገራል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይናገርም።

ፒ0420 የሚባለውን ውሰዱ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የጭስ ማጣራት ሥራውን በሚፈለገው መጠን እየሠራ አይደለም የሚል መልእክት ነው። ኮንቨርተሩ ውድ ዕቃ ነው። ያንኑ ኮድ ግን የደከመ ኦክስጅን ሴንሰር ወይም ከጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳም ሊያመጣው ይችላል። ፒ0171 ደግሞ ሞተሩ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሶታል ይላል፤ ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቱቦና በአንድ ፓምፕ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት አስቡት። ስለዚህ ኮዱን ጽፎ ይስጣችሁ፣ ከዚያ "ከኮዱ በኋላ ምን ለካህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኮዱን አጥፍቶ "ጨርሻለሁ" ካለም ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱ ካልተነካ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል።

ቁጥር ጠይቁ

ሳትሰለቹ የምትጠይቁት ነገር ቢኖር ቁጥር ነው። "አልቋል"፣ "ደክሟል"፣ "ተበልቷል" የሚሉት ቃላት ሁሉንም ነገር ሊሸፍኑ ይችላሉ።

የፍሬን ሸራ አልቋል ካላችሁ "ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው?" በሉ። የዲስክ ፍሬን ሸራ አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወደ 3 ሲወርድ መቀየር አለበት። 6 ከቀረው ገና ነው። ዲስኩም ይቀየር ከተባለ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ይለካና ያወዳድር። ባትሪ ከሆነ፣ ሙሉ የሆነ ባለ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12 አካባቢ ከቀረ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) ወይም መስመሩ ነው የሚጠረጠረው፣ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በማግሥቱ ይሞታል። (የአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ዲናሞ ኃይሉን ራሱ ስለሚቀንስ ይህ ልኬት ለእነሱ በቀጥታ አይሠራም።) ጎማ ላይ ደግሞ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀር ብዙ አገሮች በሕግ አያስነዱም፤ ዕድሜውም ጎኑ ላይ በ4 አኃዝ ተጽፏል፣ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አዲስ ጎማ ብላችሁ ስትገዙም እሱን አንብቡ።

ትልቁን ሥራ በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚሄደው እዚያ ነው። መኪና ሲሞቅባችሁ ቶሎ የሚሰማው ቃል "ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ" የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ግን መኪና የሚሞቀው ውሃው በሚያንጠባጥብ ቱቦ ሲጎድልም፣ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው) ተዘግቶ ሲቀርም፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ መሽከርከር ሲያቆምም፣ የውሃ ፓምፑ ሲደክምም፣ ራዲያተሩ ሲደፈንም ነው። እነዚህ በአብዛኛው ቴስታታ ሳይወርድ የሚሠሩ ናቸው። የጓርኒሲዮን መቃጠልን ደግሞ ሳይፈታ ማጣራት ይቻላል። የውሃውን መስመር በአየር ግፊት ሞልቶ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ማየት አንድ ነው። የየሲሊንደሩን ግፊት መለካት ሁለተኛው ነው። ከራዲያተሩ የሚወጣውን አየር የተቃጠለ ጭስ ካለበት ቀለሙን በሚቀይር ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ ማየት ሌላው ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከእነዚህ አንዱንም ሳያደርግ መፍቻ የሚያነሳን ሰው አስቁሙት። እስከዚያ ግን የሞቀ መኪና አትንዱ፣ የራዲያተሩንም ክዳን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ የሚፈነዳው ውሃ ፊት ይልጣል።

ሲያስፈራሯችሁ

"እንዲህ ሆነህ ከዚህ በር እንዳትወጣ" የሚባለው አንዳንዴ እውነት ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማውን የያዘው የእግር ክፍል፣ የሚያፈስ ነዳጅ፤ እነዚህ ላይ መካኒክ ካስጠነቀቃችሁ ስሙት። ግን ያሳያችሁ። የላላ እግር ጎማው ተነስቶ ሲነቀነቅ በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይሰማል። የፍሬን ዘይት ሲያፈስ ርጥበቱ ይታያል። ሳያሳይ ማስፈራራት ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ይየው።

ሁለተኛ ሰው ጋ ስትሄዱ የመጀመሪያው ያለውን አትንገሩት። ምልክቱን ብቻ ንገሩ። "እሱ ካምቢዮ ነው ብሎኛል" ካላችሁት ምርመራው ከካምቢዮ ይጀምራል፣ እዚያው ሊያልቅም ይችላል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ካሉ እረፍት ታገኛላችሁ።

ዋጋና ስምምነት

ከመፈታቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን፣ በስልክ መልእክትም ይበቃል። የዕቃው ዋጋ ለብቻ፣ የእጅ ዋጋ ለብቻ። ዕቃው የፋብሪካው ኦርጅናል ነው፣ የሌላ አምራች ነው ወይስ ያገለገለ? ስንት ቀን ይወስዳል? ደግሞም ይህችን ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ "ሌላ ነገር ካገኘህ ደውልልኝ፣ ሳልፈቅድ ምንም አይቀየር።"

ከመሄዳችሁ በፊት የሥራውን ዋጋ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ወደ ብዙ ጋራዦች እያስደወሉ ለአንድ ዓይነት መኪና አንድ ዓይነት የራዲያተር ሥራ ዋጋ አስጠይቀው ነበር። ዋጋውን ጨርሶ እንደማያውቁ ሆነው የጠየቁ ሴቶች ከወንዶቹ ከፍ ያለ ዋጋ ተነገራቸው። "ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር" ብለው ቁጥር ሲጠሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ነው። ሴትም ሁኑ ወንድ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ለምርመራው ለብቻው ክፈሉ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ምርመራ በነጻ የሚያደርግ ሰው እንጀራው የሚወጣው ዕቃ ሲቀየር ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚቀየር ነገር ማግኘት አለበት። ሁለት ሰዓት ፈልጎ አንዲት ሽቦ የጠገነ ሰው "ሽቦ ብቻ ነው እኮ የነካኸው" ሲባል በቀጣዩ ጊዜ ሽቦ አይፈልግም፣ ዕቃውን ሙሉ ይቀይረዋል። እጁን ሳይሆን ዕውቀቱን ነው የምትከፍሉት። የእጅ ዋጋ ላይም ብዙ አትከራከሩ፣ ከመጠን በላይ የተቆረጠ ዋጋ በሆነ ቦታ ከሥራው ላይ ይቀነሳል።

የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንደምትፈልጉት አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሥራው በኋላ ከሆነ "ጥለነዋል" ይባላል። እንደ ዲናሞና ሞተሪኖ ያሉ አንዳንድ ዕቃዎች አሮጌው ለሻጩ ተመልሶ ስለሚታደስ ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ ማየት ግን ትችላላችሁ። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጡት፣ ቁጥሩን አስተያዩ፣ የአዲሱን ካርቶን እዩ። ዕቃውን ራሳችሁ ልትገዙ ከሆነ ቁጥሩን ከመካኒኩ ወስዳችሁ ግዙ፣ እንዲህ ሲሆን ግን ለዕቃው ዋስትና የሚሰጣችሁ ሻጩ እንጂ መካኒኩ አለመሆኑን ተስማሙ።

ስትረከቡና ከዚያ በኋላ

ስትሰጡ ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መጠንና የቦዲውን ዙሪያ ፎቶ አንሱ። ስትረከቡ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ችግሩ ይታይበት በነበረው ሁኔታ ንዱት። ጠዋት ብቻ የሚመጣ ችግር ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነድቶ "ድኗል" ማለት አይቻልም፤ መኪናው ጋራዡ አድሮ ጠዋት አብራችሁ አስነሱት። ጎማ ከተፈታ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹ መጥበቃቸውን እንደገና አስፈትሹ። ዋስትናው ለስንት ቀን ወይም ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ችግሩ ከተመለሰ ቁጣ ይዛችሁ አትሂዱ። መኪና ውስብስብ ነው፣ ሐቀኛ ሰውም ይሳሳታል። መካኒኩ "አምጣው፣ ልየው" ብሎ ካየ፣ የተሳሳተውን ከተናገረ፣ ለዚያ ለራሱ ስሕተት የእጅ ዋጋ ካልጠየቀ፣ ይህን ሰው አትልቀቁት። "ይሄ ሌላ ችግር ነው" ካለም ምን እንደሆነ ያሳያችሁ፤ በእርግጥ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሳይለካ ሁለተኛ ዕቃ ቀይሮ፣ ያም ሳይሠራ ሦስተኛ እንቀይር የሚል ከሆነ ግን በእናንተ ገንዘብ እየገመተ ነው፣ እዚያ ላይ አቁሙ።

የተሠራውን ሁሉ በደብተር ያዙ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ማን እንደሠራው። የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ያላወቀ ሰው ወይ ያለጊዜው ይቀይራል ወይ ቺንጋው ተበጥሶ ሞተሩን እስኪሰብር ይጠብቃል። መካኒክ ብትቀይሩም አዲሱ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ከዚህ በፊት ምን እንደተነካ ነው፣ ደብተሩን አውጥታችሁ ትሰጡታላችሁ።